ንስሯን የሸኘንበት ጭጋግ

ባሌ፣ ሽማግሌዬ፣ ሦስት ሴት ልጆቻችንን ሲድር አንድ ዘለላ እንባ አልወጣውም። ለንስሯ ግን ዓመት ሙሉ ሲያለቅስላት ከረመ።

በእኛ በአልታይ ካዛኮች ወግ፣ ከጎጆዋ የተወሰደች ንስር ለሰው አውሬ የምታድነው ቢበዛ አሥር ዓመት ነው። ከዚያ በረዶው ሲቀልጥ ትለቀቃለች፤ እሷም በተራዋ ባል ታግባ፣ ጫጩት ታሳድግ ተብሎ። የእኛዋ አሥራ ሁለት ሞላት። እሱ ሰበብ አያጣም፤ አንዴ ጥፍሯን አሟታል፣ አንዴ ውሃ ቀጠነ። ትንሽ ከቆየች ታረጃለች፤ ያረጀች ንስር ደግሞ ጎጆ አትሠራም።

በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሊለቃት ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ቀድማው መጥታ ድንኳናችን ደጃፍ፣ መቆሚያ እንጨቷ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጎረቤታችን ኦራዝቤክ ሳቀበት። «አንተ እኮ እየለቀቅካት አይደለም፤ እያናፈስካት ነው» አለው።

ለሽማግሌዬ ሻይ እየቀዳሁ «ስትለቃት ምን ትላታለህ?» አልኩት።

«ምን እላታለሁ? ልጄ በሰላም ሂጂ እላታለሁ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ታዲያ ሰማይ ላይ ላለች በሹክሹክታ ልበላት?»

ያኔ ገባኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ሥጋዋ የጠራት በዚያው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ስትሰማ መመለስ እንጂ መሄድ አታውቅም።

«አንተ ሞኝ ሽማግሌ» አልኩት። «አሁን አብሬህ እሄዳለሁ። አንተ አፍህን ትዘጋለህ፣ የምሸኛት እኔ ነኝ። የእኔን ድምፅ እንደሆነ በስድብ ብቻ ነው የምታውቀው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ።

ሁለት ቀን በፈረስ ሄድን። በረዶው እየቀለጠ ምድሩ ሁሉ ይተን ነበር። የፈረሶቹ እግር በጭጋጉ ተውጦ አይታይም፤ በደመና ላይ የምንሄድ መሰለኝ። ኮርቻው ላይ አንቀላፍቼ ስነቃ የእሱ ጀርባ ከፊቴ አለ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ እሷ፣ ዓይኗ በቆዳ ቆቧ ተሸፍኖ። መልሼ ሳንቀላፋ ሦስታችንም ልጆች ነን፣ እየሄድን ነው፣ መንገዱ አያልቅም። የቱን በሕልሜ እንዳየሁት፣ የቱን በዓይኔ እንዳየሁት እስከ ዛሬ አልለይም።

ተራራው ጫፍ ስንደርስ ሥጋውን አወጣሁ። ንስር እንዲርባትና ለአደን እንድትነሣ የምትበላው ሥጋ ደሙ እስኪወጣ ይታጠባል። አሥራ ሁለት ዓመት ጣቶቼ በበረዶ ውሃ እየደነዘዙ፣ እሷን እየረገምኩ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን አላጠብኩትም። ከነደሙ ሰጠናት፤ እስክትጠግብ በላች። እሱ የእግሯን ጠፍር ቆረጠ፣ ቆቧን አወለቀ፣ ከክንዱ ወደ ላይ ወረወራት።

«ሂጂ፣ አንቺ ሆዳም» አልኩ። «ከቤቴ ውጪልኝ።»

ተነሣች። እኛ ዐለት ሥር ተሸሸግን። ጥላዋ በላያችን አለፈ፣ ተመልሶ አለፈ፤ እሱን እየፈለገች ነው። ሽማግሌዬ ጓንቱን በጥርሱ ነክሷል፣ እንባው በጢሙ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን አላወጣም። በአራተኛው ዙር ከፍ አለች። ከሸንተረሩ ወዲያ ከእሷ አነስ ያለ አንድ ወንድ ንስር ይዞር ነበር። ወደዚያ አቀናች፣ ክንፏም ጭጋጉ ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ልጆቹ ከተዳሩ ወዲህ፣ እሱ ከብት ፍለጋ በወጣ ቁጥር፣ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከእሷ ጋር ነበር። መስደብም ማውራት ነው። ወድጃት ኖሯል፤ መውደዴን ያወቅሁት ገና እዚያ ነው። ብድግ አልኩና እሱ በሚጠራት አጠራር ልጠራት አፌን ከፈትኩ።

የሽማግሌዬ እጅ አፌን ከደነው። ጓንቱ ደም ደም ይሸታል። ልላቀቅ ብታገልም እሷ ከዓይናችን እስክትጠፋ ድረስ አልለቀቀኝም።