የእትዬ ካውያ እጆች

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክር እቀነጥባለሁ፣ ደንበኛም እቆጣለሁ። የሚተኩሱልን እትዬ ካውያ ነበሩ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ካውያ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ሌላ ምን ይባላሉ? ሐርም ይሁን ሱፍ፣ አንድ ልብስ አበላሽተው አያውቁም።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ተኩሰው፣ ሰቅለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወንድሜ የሰው ሥራ ካልደጋገመ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ወገቡ ጋ ትንሽ የተጨማደደ መስሎት ቀሚሱን አውርዶ እንደገና መተኮስ ጀመረ። መሐል ላይ ስልኩ ጮኸ። ወሬው ሲያልቅ ካውያው ቀሚሱ ላይ ተኝቷል። የተቃጠለውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፎ መልሶ ሰቀለው። እኔ ያን ቀን አልነበርኩም፤ ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ሙሽራዋ መጥታ ጉዱን ስታይ ማን እንደተኮሰው ጠየቀች። ወንድሜ እትዬ ናቸው አለ። ውሸት እንኳን አይባልም፤ ተኩሰውታላ። እትዬም እዚያው ነበሩ፤ የተቃጠለውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን አዩ። ወንድሜ ለሙሽራዋ ሌላ ሰፋላት። እትዬንም "ግድ የለም፣ እኔ ይቅር ብያለሁ" አላቸው። አስቡት እንግዲህ፤ በገዛ ጥፋቱ እሳቸውን ይቅር አለ! እሳቸውም አመሰገኑት። ብዙም ሳይቆዩ ደከመኝ ብለው ሥራውን ተዉ።

ከዚያ ልጃቸው ወደ ሱቃችን መጣች። ከወለደች በኋላ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ሕፃኗን ሊይዙላት ቃል የገቡት እናቷ ናቸው። አሁን ግን ማጠብ ቀርቶ ማቀፍም እምቢ ብለዋል። መጀመሪያ ስንፍና መስሏት ክፉ ቃል ተናገረቻቸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኳርፈው ከረሙ። አሁን ግን ፈርታለች።

"እጄ ከድቶኛል ትላለች" አለችኝ። "ምን እንደሠራሁ አላስታውስም፣ ቀሚሱን እንዳቃጠልኩት ልጅቷንም በሙቅ ውሃ አቃጥላታለሁ ትላለች። እዚህ እያለች የተለየ ነገር አይታችሁባታል? ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ነው።"

የወንድሜ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። ልጃቸው ስትወጣ ዞር ብዬ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉንም ነገረኝ። ንስሐ መግባቱንም ነገረኝ፤ ተንበርክኮ፣ አልቅሶ፣ ነገሩን በእሱና በፈጣሪው መካከል ጨርሶ ነበር።

"እግዚአብሔርማ ድሮም ያውቅ ነበር" አልኩት። "የማያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ደሜ ፈልቶ ነበር። ግን ወንድሜ ነው፤ እወደዋለሁ። ብቻውን እትዬ ቤት እንዲሄድ አልጨከንኩም፤ አብሬው ሄድኩ።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ልጃቸው ሕፃኗን አቅፋ ራቅ ብላ ቆማለች። ወንድሜ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ተናዘዘ። አላመኑትም።

"አዝነህልኝ ነው ልጄ። የተኮስኩት እኔ ነኝ።"

የስልኩን ወሬ፣ የተቃጠለውን ጨርቅ ሽታ፣ ጎኑን ወደ ውስጥ አጥፎ መደበቁን አንድ በአንድ ነገራቸው። እጥፋቱ ላይ ሲደርስ እትዬ ቀና አሉ።

"እኔ ቀሚስ አጥፌ ሰቅዬ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው። "ሳየው ገርሞኝ ነበር። ይህንንም ረሳሁት ማለት ነው አልኩ። እጄን ጠላሁት እኮ ልጄ፣ በፈጠረኝ እጄን ጠላሁት።"

ልጃቸው ያን ክፉ ቃል አስታውሳ እናቷ ትከሻ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም። አንዱ የሸሸጋት ጥፋት ስንት ሰው ቤት እንደገባች ያየሁት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

እትዬ ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ልጃቸውን ውሃ ለብ እንድታደርግ አዘዟት። ውሃውን በክርናቸው ለኩ፤ አላመኑም፣ ደግመው ለኩ። ሕፃኗን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን አዩ። ውሃው ውስጥ ሲያስገቧት ግን እጃቸው ጸንቶ ነበር፤ ሕፃኗም ትንሽ አለቀሰችና ተወችው።

ወንድሜ ጥጉን ይዞ ይንሰቀሰቃል።

"ቆመህ አታልቅስ" አሉት እትዬ። "ና፣ ፎጣውን ይዘህ ተቀበለኝ።"

ፎጣውን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው ቀረበ። እሳቸውም ሕፃኗን እርጥብ እንዳለች እጁ ላይ አስቀመጡለት።