ከ«ገጾች» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ

«መጥቶ ነበር አሉ» ትላለች ጠራዥዋ። ሙጫ ስትቀባ ትላለች፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ትላለች፣ የታጠፈውን ወረቀት በማጠፊያው አጥንት እየዳመጠች ትላለች። ወሬው ከማተሚያ ቤቱ ትይዩ ከተቀመጠው ጫማ ሰፊ አፍ ከወጣ መንፈቅ አልፎታል፤ እሷ ግን ዛሬም ትኩስ አድርጋ ታቀርበዋለች።

«ማን ነው የመጣው?» አለች ገጽ አቀናባሪዋ፣ ማን እንደሆነ እያወቀች።

«አራሚው ነዋ። ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጫማ ሰፊው አጠገብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገተረ አሉ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ የሴት ጃንጥላ ይዞ።»

«እትዬ፣ ወሬም እንደ መጽሐፍ ነው፤ ሳይታረም አይጠረዝም። ያ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ ያውቃል? ሲዘንብ የሚከልለው ወረቀቱን ነው፣ ራሱን አይደለም። ደግሞስ ከመጣ ደረጃውን መውጣት ማን ከለከለው? እኔ እዚሁ ነበርኩ።»

«እኔ እንጃ። የሰማሁትን ነው።»

«የጫማ ሰፊው መነጽር ከተሰበረ ስንት ጊዜው ነው?»

ጠራዥዋ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ምላጭ ያለሽ ሰው እውነቱን ነው።»

ምላጭ ያላት አራሚው ነበር። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሌሎች አራሚዎች ስህተት ሲያገኙ ሌባ እንደያዘ ሰው በቀይ ከብበው ይጮኹበታል፤ እሱ ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያኖርና ዝም ይላል። እሷ ነጥቧን ታያለች፣ ስህተቱን ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ በራሷ ትናደዳለች። ያወቀችውን ሁሉ ያለ አስተማሪ፣ ከማሽኑና ካገኘችው መጽሐፍ ለቅማ የተማረች በመሆኗ እርማት እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። የሱን ነጥቦች ግን ወደደቻቸው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለሱማ ሞቷን ትመርጣለች።

ከዚያ በሌላ ከተማ ያለው ትልቁ ማተሚያ ቤት ወሰደው። የነሱ ትንሹ ማተሚያ ቤት ገጹን አቀናብሮ ይልካል፣ ትልቁ ያትማል፤ መላላኪያው «ሳጥኑ» የሚሉት፣ እዚያ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። አራሚው ስልክ ሲይዝ ምላሱ የሚተሳሰር ሰው ስለሆነ፣ የሄደ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «በስልክ አልሆንም፤ የምለውን ሳጥኑ ውስጥ አኖርልሻለሁ» አላት።

«እንዳሻህ» አለችው። ሌላ ልትለው የፈለገችውን ሳትለው ወደ ማሽኗ ዞረች።

ያን ሰሞን ልቧ ከቦታው አልነበረም። ጃንጥላዋን እንኳ ታክሲ ውስጥ ረስታ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ባለታክሲ ባየች ቁጥር ትራገማለች።

አሥራ አራት ወር ሆነ። በየጠዋቱ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማስተላለፊያውን ፕሮግራም ትከፍታለች። ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ «ገጾች» የሚለው ፎልደር ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለው ትናንት ራሷ የላከችው ሥራ ነው፤ የሱ ነገር ጭራሽ የለም። ቀድማ ልትጽፍለት ስንት ቀን ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ መልሳ አንስታለች። ቃል የሰጠው እሱ ነው፤ ቃሉን ይፈጽም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የትልቁ ማተሚያ ቤት ቴክኒሻን ነው።

«እህቴ፣ ሳጥኑ ተቀይሯል። አዲሱን አድራሻ ላስሞላሽ።»

«ደህና የነበረውን ምን ነካችሁት?»

«አራሚያችን ለቀቀ፤ ቁልፉ ሁሉ እሱ እጅ ነበር። አግብቶ ከሚስቱ ጋር ወደ አገሯ ሄደ፤ ባለፈው ሳምንት ሸኘነው። ደግ ሰው ነበር። ፖርቱን፣ የመግቢያውን ቁጥር፣ ልንገርሽ?»

መስኮቱን አየች። መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«ንገረኝ» አለች።

አድራሻውን ሞላች። የተጠቃሚውን ስም ሞላች። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረላት ጻፈች። «ተገናኝ» የሚለውን ተጫነች። ማሽኑ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ የሚመልስልኝ አጣሁ አለ።

«ፖርቱን ሃያ ሁለት አላልኩሽም?»

«ሃያ ሁለት ነው» አለች፣ የጻፈችውን ሃያ አንድ እየደለዘች። እንዲህ ያለ ስህተት የሷ አልነበረም።

አሁን በሩ ተከፈተ፤ ወዲያው ግን ፎልደሩ አልተገኘም የሚል ቀይ መስመር መጣ።

«ሲከፈት የሚገባበት የሚለው ቦታ ላይ ምን ጽፈሻል?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ገጾች።»

«ለምን?»

«በየቀኑ ሁለት በር ከማንኳኳት አንዴ ጽፎ መገላገል አይሻልም? እናንተ ያላስተማራችሁኝ ብልሃት ነው። ራሴ ያገኘሁት።»

«ብልሃቱስ ደግ ነው። አሁን ግን የፎልደሩ ስም ተለውጧል፤ ቦታውን ባዶ ተዪው። የድሮው ሳጥን እንዳለ ወደ አዲሱ ተገልብጧል፣ የጎደለ ነገር የለም።»

በዚያ ቦታ አሥራ አራት ወር የኖረውን ቃል አጠፋችና ተጫነች። ረግጣው የማታውቀው የውጭው ግቢ ተከፈተ። ሁለት ፎልደሮች ነበሩ። አንዱ «የገጽ ሥራ» ይላል። ሁለተኛው «ምላጭ»።

«ገባሽ?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ገባሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

«ምላጭ» ውስጥ ሠላሳ አንድ ትንንሽ ፋይል። የመጀመሪያው አራሚው በሄደ በሦስተኛው ቀን የተጻፈ ነው። «ደረስኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ግን ሰፊ። ይህን ካነበብሽው በሚቀጥለው ሥራ መጀመሪያ ገጽ ኅዳግ ላይ አንዲት ነጥብ አኑሪልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ነጥብ። ከመላኳ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አጉልታ፣ የስካነሩ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ የጣለውን ጠብታ ሳይቀር ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። እንከን የሌለበት ገጿ ኩራቷ ነበር።

ሰባተኛው ፋይል፦ «ዛሬም ኅዳጉ ንጹሕ ነው። እጅሽ ይባረክ።» አሥራ ዘጠነኛው፦ «ንጹሕ። ምናልባት ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።» ሃያ ስድስተኛው «ንጹሕ» ብቻ ይላል።

«ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አለች ጠራዥዋ ከሙጫው ቀና ብላ። «አልሠራም እንዴ?»

«ሠርቷል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

የመጨረሻውን ፋይል ከፈተች። ቀኑ ከመንፈቅ በፊት፣ ኀሙስ ነው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ጫማ ሰፊው ዘንድ እስከ ስድስት ሰዓት እቆማለሁ፤ ብቅ ካላልሽ ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ባዶ እጄን አልመጣም። ጃንጥላሽን ታክሲ ውስጥ አልረሳሽውም፤ የሄድኩ ቀን ከወንበርሽ ጀርባ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የምመለስበት ሰበብ እንዲኖረኝ ብዬ ነው።»