የልብስ ሰፊው ደብተር

ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲረግጥ ኖሯል። ደንበኛ ያሰፋውን ሱሪ ይዞ ተመልሶ «ጠበበኝ» ካለው፣ «ሱሪው አልጠበበም፤ ሆድህ ነው ከተለካህ በኋላ የመጣው» ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነበር።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የውሃ ጥም አላስቀምጥ አላስነሳ ሲለው ሚስቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ኪኒን፣ በኪስ የምትያዝ የስኳር መለኪያና አንድ ደብተር ሰጠችው።

«ጠዋት ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ጣትዎን ወጋ አድርገው ይለኩና የወጣውን ቁጥር ይጽፋሉ» አለችው። «መድኃኒቱን የምጨምረውም የምቀንሰውም ደብተሩን አይቼ ነው።»

ሚስቱ በአንድ የልብስ እጥበት ቤት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ያን ዕለት ማታ የስኳሩን ጣሳ ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ሩዙ በስኒ ተለካ፤ ዳቦው ከመዳፍ እንዳይበልጥ ሆነ፤ የቀረውን የሳህኑን ቦታ ጎመን ወረሰው። እሷም የምትበላው ያንኑ ነበር። «አንተን ከልክዬ ፊት ለፊትህ ልጎርስ? አይሆንም» አለች።

«ይሄ እራት ነው ወይስ የጨርቅ ናሙና?» ይላል እሱ ሳህኑን እያዞረ። ሁለቱም ይስቃሉ።

ጠዋት እሱ ሳይነሳ ነው ወደ ሥራ የምትሄደው። ማታ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነቱን ይነግራት ነበር፦ ሁለት መቶ አርባ፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት። ይህን ስትሰማ ወጥ ቤት በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ያበሰለችውን አንድ በአንድ ታስባለች። «ምስሩ ይሆን? ዳቦው በዛ እንዴ?»

ምስሩ ምንም አላደረገም። ከሱቁ አጠገብ ከሚሠራው ጫማ ሰፊ ጋር በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ የመጠጣት ልማድ ነበረው፤ ሻይ ከአራት ማንኪያ ስኳርና ከብስኩት ጋር። ለሦስት ቀን ተወው። በሦስቱም ቀን ክፉ ሆኖ ዋለ፤ ደንበኛ ላይ ጮኸ፣ አንድ ኮት አበላሸ። በአራተኛው ቀን ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ከዕለታት አንድ ቀን ማታ እንደ ልማዷ ስትጠይቀው፣ «መቶ ሃያ አራት» አላት። ጠዋት የለካው ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነበር። እጇን አጨበጨበችና ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ወዲህ እውነቱ ከአፉ አልወጣ አለ።

ጥቂት ቆይቶ ጣቱን መውጋቱንም ተወ። የሳምንቱን ቁጥር እሑድ እሑድ ባንድ ጊዜ ይሞላዋል፤ እስክሪብቶ እየለዋወጠ፣ እንዳይነቃበትም አልፎ አልፎ መቶ አርባ እየጨመረ። ነርሷ ደብተሩን ስታይ ፊቷ ይበራል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የላቦራቶሪ መሣሪያ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ያንኑ ኪኒን ትጽፍለታለች። እግሩን ጉንዳን የሚሄድበት ሲመስለው አልነገራትም። በኋላ ጉንዳኑም ጠፋ፣ ስሜቱም ጠፋ። እሱ ተሻለኝ ብሎ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሚስቱ ካልሲዎቹን ስታጥብ አንደኛው እንደ ካርቶን ደርቆ አገኘችው። ደምና መግል ነው።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምንም አልሆንኩም እኮ።»

ተንበርክካ እግሩን ቀና አደረገችው። ከአውራ ጣቱ ሥር ጥቁር ቀዳዳ አለ። ሽታው አፍንጫዋን አስያዛት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ከቁስሉ የስፌት መኪና መርፌ ስባሪ አወጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንደሆነው ነገራቸው። ያን ሁሉ ቀን በላዩ ላይ ሲረግጥ ሰንብቷል። ስኳሩ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው ሲባል ሚስትየዋ ተቆጣች።

«የለም፣ ዶክተር፣ መሣሪያችሁ ነው የተሳሳተው። የእኛ መቶ ሃያ ነው፤ ይኸው!» ብላ ደብተሩንና መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች።

ሐኪሙ የመለኪያውን ቁልፍ ተጫነ። «እናቴ፣ ይሄ የለካውን ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል። ለመጨረሻ ጊዜ የተለካበት የዛሬ አሥራ አራት ወር ነው።»

ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ግድግዳውን ያያል።

«እኔ ምስሩን ስከስ ነበር» አለችው በቀስታ። «ለምን?»

«ደስ ሲልሽ ለማየት ብዬ...»

«በእኔ አታሳብ! ለሻይህ ብለህ ነው።»

«ለሻዬም ነው» አለ።

መጀመሪያ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። በስምንተኛው ቀን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልትጠይቀው መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች። «እኔም ቁጥሩ ሲያምርልኝ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ እግርዎን አሳዩኝ አላልኩም» አለች።

አሁን ቤት ውስጥ ቁልፍ እየተከለና ዘርፍ በእጁ እየሰፋ ይውላል። ሚስቱ የሥራ ሰዓቷን አስቀይራለች። ጠዋት ጣቱን የምትወጋው እሷ ናት፤ የምትጽፈውም እሷ ናት። መቶ ሰባ ስድስትም ይውጣ መቶ ዘጠና ስምንት፣ አትስቅም፣ አታዝንም። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተረፈችውን እግር ጭኗ ላይ ታሳርፍና ዓይኑን ጨፍን ትለዋለች፤ በጥጥ ጫፍ ስትነካው የት እንደሆነ እንዲነግራት።

ሰኞ ዕለት ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቅ ቆየ።

«ጀምሪ እንጂ» አላት።

አምስቱንም ጣት ነክታ ጨርሳ ነበር።