የጓዳው እንፋሎት

ሰፈሩ ባሏን «ሐኪሙ» ይለዋል፣ እሷን ደግሞ «ነርሷ»። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ማን ነገር ያውቃል። ሐኪሙ የሚያክመው የአሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ነው፤ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ የሚገቡበትን፣ መዳፍ የሚያክል የአልሙኒየም ዕቃ። እንዲሠራ ማድረጉንማ ማንም መካኒክ ያደርገዋል። የእሱ ሙያ መልኩን መመለስ ነው። ማብለጭለጭ ማለቴ አይደለም፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ እንደ ማንኪያ ማብለጭለጭ የሰነፍ ሥራ ነው። እሱ ጋ ገብቶ የወጣ ካርቡሬተር ግን ያ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው፣ ለስለስ ያለ ግራጫ መልኩ ይመለስለታል። ለዚህ ብለው ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ የሰው እውነት አይካድም።

ነርሷስ? ነርሷ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ትሠራለች። ብሎኖቹን ፈትታ በየቆርቆሮ ክዳኑ ትደረድራለች። ቤንዚን የሚያሳልፉትን ትንንሽ የናስ ቱቦዎች አውልቃ ቀዳዳቸውን በቀጭን ሽቦ ትወጋለች። የሠላሳ ዓመት እድፍ በቤንዚን ታጥባለች፣ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ ሎሚ በተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁረት እንግድነት ስትሄድ እንኳ አይለቃትም። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ እሱ ይቀበላትና ጓዳ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። የቀረችው ሥራ «የመጨረሻዋ» ናት፤ ይህችን የሚሠራት ብቻውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አንዴ ጠይቃው ነበር። «እኔስ ለምን አልገባም?»

«እንፋሎቱ ሳንባሽን ይጎዳዋል» አላት። «የኔው ይበቃል።»

አመነችው። ማመን ብቻ በሆነ ደግ ነበር፤ ኮራችበት እንጂ! ጎረቤት ባሏን ባማ ቁጥር «እሱ እኮ ለኔ ሳንባ ብሎ የራሱን የሚሰጥ ሰው ነው» ትል ነበር። ጓዳ ውስጥ ሲያስል በሰማች ጊዜ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ በሩ ላይ ትቆማለች። እሱም ወጥቶ ይጠጣላታል። ይጠጣላታል እኮ!

እንዲህ እንዳሉ ሐኪሙ ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና ቀኝ እጁን ሰበረ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደግሞ የፖስተኛው ካርቡሬተር ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ነው ፖስተኛው፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለባትን ሞተር ሳይክል ሊያስነሳ ይፈልጋል፤ መለዋወጫዋ ግን ከገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። «ሌላ አይገኝም፣ የኔ እመቤት፤ አደራ» ብሎ በሁለት እጁ ያስረከበው ለእሷ ነበር።

ሐኪሙ እጁን በጀሶ ታስሮ፣ ጋደም ብሎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና «ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ። የመጨረሻዋን ልንገርሽ» አላት።

የሃምሳ ዓመት ሴትዮ እንደ ልጃገረድ ፊቷ ቀላ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ከሎሚው ካወጣሽው በኋላ የልብስ ሶዳ በውሃ ታፈያለሽ። ከነፍላቱ ታስገቢዋለሽ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ እንዳታወጪው።»

«በቃ?»

«በቃ። መጀመሪያ ግን ከቅራቅንቦው ሳጥን አንዱን አንስተሽ ሞክሪ።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከጣሪያው አላወረደም። እሷ ስብራቱ የጠዘጠዘው መስሏት ትራሱን አስተካከለችለት።

አልሞከረችም። የገዛ ባሏ የነገራትን ምን ብላ ትሞክራለች? በዚያው ከሰዓት የጓዳውን በር ከፈተች፣ ሶዳውን አፈላች፣ የፖስተኛውን ካርቡሬተር በክር አስራ ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ እንደ ሕፃን ነበር የያዘችው። ውሃው ሲቀዘቅዝ አወጣችው። የድስት ቂጥ መስሏል። ጥቁር! ብትፈገፍገው፣ በሳሙና ብታሸው፣ ወይ ፍንክች።

እያለቀሰች ገብታ ነገረችው።

«የፖስተኛውን?!» ብሎ ደነገጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድምፁን አለዘበ። «አይ፣ ምን ይደረግ እንግዲህ። ሙያ ከእጅ እንጂ ከአፍ አይገኝም። አይዞሽ፣ አልቀየምሽም።»

ይቅር አላት! ሰዎች፣ ይቅር አላት እኮ! እሷ ደግሞ ያንን ደህናውን እጁን ስማ፣ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

በማግስቱ የባሏ ታናሽ ወንድም ሊጠይቅ መጣ፤ እሱም የራሱ ጋራዥ አለው። በሽተኛው ተኝቶ ስለነበር ወደ ሥራ ክፍሉ ዘለቀና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጉድ አየ።

«ምነው እትዬ፣ ከሰል ልትነግጂ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ሶዳው ነው። ሳላውቅበት ቀርቼ…»

«አፍልተሽው ነው? ኧረ ሶዳ አይፈላም! ቀዝቃዛ ነው እኮ። ነከር፣ ወጣ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ማን ነው አፍይ ያለሽ?»

«ወንድምህ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«አንተስ ከማን ተማርከው?» አለችው።

«እሱ ነዋ ያሳየኝ። በሰርጋችሁ ሰሞን።» መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «‹ለእሷ እንዳትነግር› ብሎ አስምሎኛል። እኔ ምን አገባኝ ብዬ…»

«ለምን እንደሆነ ንገረኝ። አልቀየምህም።»

«ተይው እባክሽ እትዬ።»

«ንገረኝ አልኩህ።»

«‹ሙያውን ካወቀች ምን ያስቀምጣታል?› ነው ያለኝ።»

ክው አለች። መጀመሪያ የመጣባት ግን ሙያው አልነበረም። ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ ውሃ ምን እንፋሎት አለው? ሃያ ሁለት ዓመት ለሳንባዋ የተዘጋው በር፣ ውስጡ ያለው አንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ! ያ ሁሉ የውሸት ሳል፣ ያ ሁሉ ማር። ጎረቤት ፊት ያ ሁሉ ጉራ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ሲጥል እንዴት እንደሚያም ያወቀችው ግን አሁን ነው። ምን ያስቀምጣታል? እሱ ነዋ! እሱ ራሱ ነበር የሚያስቀምጣት፤ ሌላ ምን ነበራት? ሰውየው የተቀመጠችው ለአንድ ጭብጥ ሶዳ መስሎት ኖሯል።

ከውስጥ «ውሃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይዛለት ገባች። ብርጭቆውን አፉ ላይ ደግፋ አጠጣችው። ሊያመሰግናት ቀና ሲል ፊቷን አዞረች። አንዲት ቃል ቢወጣት ሰፈሩን የሚያሰማ ጩኸት ሊከተል ነው፤ ስለዚህ በሆዷ ያዘችው።

ሦስት ቀን ከጓዳ አልወጣችም። የፖስተኛውን ቀዝቃዛ ሶዳ ነከረችው፤ የጠቆረውን መቼ ሊመልስ። ከቅራቅንቦው ሳጥን የተሰበሩትንና የተሰነጠቁትን ሁሉ አውጥታ በፈላ ሶዳ እያጠቆረች፣ በጨው ብትል፣ በአመድ ብትል፣ አንዱም ጠብ አላለላትም። በሦስተኛው ቀን ንድድ አላትና «ወግድ!» ብላ አንዱን ጥቁር አጠገቧ ያለው የሎሚ ውሃ ውስጥ ወረወረችው። ምን ታድርግ፣ በሕይወቷ የምታውቀው ሎሚውን ብቻ ነው።

ጥላሸቱ እየተቀረፈ መነሳት ጀመረ። በጣቷ አሸት አደረገችው። ሥሩ ግራጫ ነው። የሐኪሙ ግራጫ አይደለም፤ ከእሱ የለሰለሰ፣ ጭረቱን ሁሉ የዋጠ፣ አንድ ወጥ ግራጫ። የፈላው ሶዳ እያጠቆረ ቆዳውን ልጦለታል፤ የቀረው ጥላሸቱን ማንሳት ብቻ ነበር። ሌላ አንድ ደገመች፤ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው የፖስተኛውን ያነሳችው፤ አሁንስ ሳትሞክር አትነካም።

ፖስተኛው በቀጠሮው ቀን መጣ። ሐኪሙ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሌሊቱን ሲያስብ ነው ያደረው። እሷ ካርቡሬተሩን ከነጨርቁ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው። ፖስተኛው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የተረከብኩ ዕለት እንዲህ ነበረች» አለ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረ። «ሐኪሙ! በአንድ እጅህ ይህን ከሠራህ በሁለቱ ምን ልትሆን ነው? እጅህ ይባረክ!»

ሐኪሙ እሷን አየ፣ ካርቡሬተሩን አየ። «አሜን» አለ።

አሜን አለ። እሷም ሰማችው። ፖስተኛውን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ ባሏ ቆሞ ነበር።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» አላት። ድምፁ የሐኪም አልነበረም።

«እንደ ነገርከኝ።»

«እንዴት ማለት?»

«ሶዳውን አፈላሁ። ከነፍላቱ አስገባሁት። እስኪቀዘቅዝ አላወጣሁትም። እንደዚያ አይደል ያልከኝ?»

አፉን ከፈተ። እንደዚያ አይደለም እንዳይል፣ ያለው እንደዚያ ነው። እንደዚያ አይሠራም እንዳይል፣ ለምን ነገርከኝ ልትለው ነው።

ቀጣዩን ካርቡሬተር አነሳችና ወደ ጓዳ ሄደች። ከኋላዋ እያመነታ ሲከተላት ሰማች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«አንተ እዚያው ሁን» አለችው። «የኔው እውነትም ይፈላል። እንፋሎቱ ሳንባህን ይጎዳዋል።»

በሩን ከውስጥ ዘጋችው።