እታለም ማንን መረጠች?

ያ ስፌት ቤት ዛሬ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ግን የሚታየኝ ሶፋው አይደለም፤ የስፌት መኪኖቹ፣ ወለሉ ላይ የተበተነው ብጥስጣሽ ክር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ካውያዋን ይዛ ላብ በላብ የሆነችው አክስቴ ናት። እናቴ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እኔ ገና መቀጠሬ ነበርና ቁልፍ እተክላለሁ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ እታለም ስለምትላት ስፌት ቤቱም በሙሉ እታለም ይላት ነበር። እንዴት ይናፍቀኛል ያ ጊዜ!

በዓመት አንዴ የሠራተኛ ተወካይ እንመርጣለን። ተወዳዳሪዎቹ በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ መራጩ ከፈለገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ያን ዓመት እናቴና ጋሽ መቀስ የምንለው ጨርቅ ቆራጭ ቀረቡ። ነገሩ የመስኮት ጉዳይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቧራ ይገባል ብሎ መስኮቶቹን በሚስማር አስመትቷቸው በሙቀት ልናልቅ ነው። እናቴ "እኔ ነኝ የማስከፍታቸው!" ብላ ተነሳች። እሷ ስትቆጣ ሰፈር ይሰማል።

ተሰለፍን። እታለም ካውያዋን አቁማ መጣች፤ በእናቴ ፊት አለፈችና ከጋሽ መቀስ ጀርባ ቆመች። ከሁሉ የባሰው ሙቀት ያለው እኮ የእሷ ጥግ ላይ ነው! የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። ተሸነፈች።

ሦስታችን አንድ ቤት ነበር የምንኖረው፤ አብረን ተመለስን። በራችን ላይ ስንደርስ እናቴ መታገስ አልቻለችም።

"እታለም፣ ምን በደልኩሽ?"

"ምንም። አንቺ ሰው ሲናገር አታስጨርሺም፤ እሱ ይሰማል። መስኮቱን የሚያስከፍተው እሱ ነው።"

"እህትሽ አይደለሁም?"

"እህትነትሽን ማን ነካብሽ? በይ ግቢ፣ እራት እንብላ።"

ደግሞም አብረው በሉ! እናቴ እንዳኮረፈች፣ እታለም ደህና ደህናውን ወደ እሷ እየገፋች።

ጋሽ መቀስ ግማሾቹን መስኮቶች አስከፈተ። እናቴ "ግማሽ!" እያለች ብትንገበገብም፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር ጥርሷን ነክሳ ማስጨረስ ጀመረች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሰልፉ ሰው ተቀያየመ ተብሎ ምርጫው በሚስጥር ሆነ። ሁለቱ እንደገና ቀረቡ። እናቴ በመርፌ፣ እሱ በመቀስ ሥዕል የተወከሉበት ወረቀት ለየመራጩ ታደለ፤ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ከፈለጉት ሥዕል አጠገብ ምልክት ማድረግ ነው፤ የክር ካርቶን ቀደን ሳጥን አደረግነው። ከየተወዳዳሪው ወገን አንድ አንድ ቆጣሪ ሲቀመጥ በእናቴ በኩል እኔ ሆንኩ። ያየነውን ላንናገር ማልን።

እታለም የተጨማደደ ነገር አይሆንላትም። ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ወደ ሳጥኑ ስትመጣ፣ ያጠፈችውን ወረቀት መንገዷ ላይ ባለው መተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችና ካውያውን ጫን አደረገችበት። ሚስጥር የተባለውን ድምፅ ተኩሳ አመጣችው! ከእኔ በቀር ልብ ያለ አልነበረም። ስንቆጥር እጥፋቱ ቀጥ ያለ ወረቀት እጄ ገባ። ምልክቱ ከመርፌው አጠገብ ነበር። ዛሬ እናቴም እታለምም በሕይወት ስለሌሉ ነው የምናገረው። እንባዬ መጣ፤ ቶሎ ብዬ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኩት።

እናቴ አሸነፈች። በጭብጨባው መሀል በቀጥታ ወደ እታለም ሄዳ "መረጥሽኝ?" አለቻት።

"ሚስጥር ነው ተብሏል" አለች እታለም።

ዓመታት ሙሉ ለመነቻት፣ ቀለደችባት፣ አኮረፈቻት። እታለም ወይ ፍንክች! እናቴ የቀሩትን መስኮቶች አስከፈተች፤ ደጋግማም ተመረጠች። ልቧ ግን ያቺ አንዲት ድምፅ ላይ ነበር። ሥራ ላይ ስትደክም እንኳ "እታለም ምን ትላለች?" ብላ ነበር የምትነሳው።

እታለም ያረፈች ሰሞን እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

"አንቺ ቆጥረሻል። የእሷን ለይተሽው ነበር?"

መዋሸት አቃተኝ። "አዎ፣ እማዬ።"

እጄን ጭብጥ አደረገችው። ልነግራት አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችው።

"ተይ። እንዳውቅ ብትፈልግ ራሷ ትነግረኝ ነበር። ድምፁ የእሷ ነው።"

ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም ሳልነግራት አብሬያት አለቀስኩ።