ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው መቀስ

እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ አልክድም። ታናሽ እህቴ ግን ትብስ ነበር። ጠዋት "እትዬ፣ ያላንቺ ማን አለኝ?" ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ከደንበኛ ጋር ሳወራ ሳላያት ካለፍኩ ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ ደመኛዋ ነኝ። ልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፤ እሷ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች።

ለዓመታት ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። "እናታችን ናት ያሞላቀቀቻት" እል ነበር። ኋላ ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ አስቀምጠው አስረዱኝ።

"የስብዕና መታወክ ይባላል። ለእሷ አምስት ደቂቃ መዘግየትና ጥሎ መሄድ አንድ ናቸው። ፍርሃቷ የእውነት ነው።"

ስንት ጊዜ እንደጮህኩባት አስታውሼ አፈርኩ።

ከዚያ የራሳችንን መላ ዘየድን። ልብስ ሰፊ መቀሱን ጥሎ የትም አይጠፋም። ስለዚህ በወጣሁ ቁጥር ትልቁን መቀሴን በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ፤ መቀሱ ካለ እመለሳለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ ግማሽ ቀን ቆይቼ መምጣት ቻልኩ። እሷም "መቀስሽ ካንቺ ይሻላል፣ አይነዘንዘኝም" እያለች ትቀልድብኝ ጀመር።

አንድ ሰኞ ግን ስለ አንድ ቀሚስ ተጨቃጨቅን።

"ሰልችቼሻለሁ፤ ልትገላገይኝ ነው የምትፈልጊው!" አለችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን መቀሴን ይዤ ነው የምሄድልሽ!"

ከአፌ አመለጠኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ "እሺ" አለች። እኔ ያንኑ ቀን ረሳሁት።

ሐሙስ ዕለት መቀሴ ደነዘ። እሷ ጓዳ ልብስ ትተኩሳለች። የሚሞርደው ሰውዬ ያለው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው፤ ደርሼ ልምጣ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ወረፋ ነበረና ግማሽ ሰዓት ቆየሁ።

ስመለስ ካውያው ተነቅሏል፣ ልብሱ ታጥፏል። ቦርሳዋ የለም፣ ካፖርቷም የለም። ሚስማሩ ላይ ክር የምትቆርጥባት ትንሿ መቀሷ ተሰቅላለች።

ሳልጥላት ቀድማኝ መሄዷ ነው። እንዲያም ሆና፣ ያን ያህል ፈርታ፣ እንደምትመለስ ቃል ሳትሰጠኝ መውጣት አልሆነላትም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሆስፒታል፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ዘመድ ቤት፣ ያልፈለግኩበት የለም። ዘጠኝ ወር ሆነው። የእኔንም መቀስ ከጎኗ ሰቀልኩትና ለሥራ ሌላ ገዛሁ። የማይቆርጥ፣ የተረገመ መቀስ ነው።

"እነዚያ ሁለቱ ምን ሆነው ነው የተሰቀሉት?" ይሉኛል ደንበኞች።

"ሰው እየጠበቁ ነው።"

ትንሿ መቀስ መዛግ ጀምራለች። ሐሙስ ሐሙስ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ እዚያው እንደተሰቀለች ዘይት እቀባታለሁ። አውርጃት በጨርቅ ባሻት ይቀለኝ ነበር። ግን ድንገት በዚያች ደቂቃ መጥታ በመስኮት ብታይስ?