በሠላሳ ሰባት ዲግሪ

ተማሪዎቹ «እትዬ በረዶ» የሚሏት ግማሹን ለፌዝ፣ ግማሹን ከልብ አክብረዋት ነው። የላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ ናት፤ ፕሮቲን ከበረዶ ላይ ያነሳባት ሰው ካለ ጉድ ይፈላል። «ሙቀት ከነካው ይበላሻል አልኩ! ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ነው፣ አትከራከሩኝ!» ትላለች። ማን ደፍሮ ይከራከራታል?

ያን ቀን ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ ገባና የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራዋን ልጅ «እስከ ስድስት ሰዓት ካልታየ ጥናትሽ ይዘጋል» አላት። ሦስት ዓመት የለፋችበትን ጥናት! መታየት የነበረበት ነገር ይህ ነው፦ ሕዋስ ከውጭ «እደግ» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ውስጡ ተበታትነው የሚኖሩ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ወደ ጠርዙ መጥተው አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ትእዛዙንም እየተቀባበሉ ወደ መሃል ያደርሱታል። ልጅቷ አንደኛውን አረንጓዴ፣ ሌላኛውን ቀይ እንዲያበራ አድርጋዋለች። ሲገጥሙ ቢጫ ይሆናሉ። ግን ስንቴ ቢሞከር ቢጫ የሚባል ነገር የለም።

«ችግሩ እጅሽ ነው» ብሏት ዶክተሩ ወጣ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

እትዬ በረዶ የመጨረሻውን ሙከራ ራሷ ልታዘጋጅላት ተነሳች። ለልጅቷም እንዳስተማረቻት የሕዋሶቹን ሳህን በቀዝቃዛ ፈሳሽ አጠበች፤ መልእክቱን የያዘውን ብልቃጥም በረዶ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ክዳኑን ልትከፍት ብትል ጣቷ ደንዝዞ እምቢ አላት። ደግማ ብትሞክር ጭራሽ ብልቃጡ አምልጧት ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

ጣቶቿን እፍ እያለች ስታሞቅ ክው አለች። የእኔ ጣት በብርድ መጨበጥ ካቃተው እነሱስ? በረዶ የሚበጀው ከሕዋስ ወጥቶ ብልቃጥ ለገባ ፕሮቲን ነው። እነዚህ ግን በሕይወት አሉ! ሦስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ያለውን እንደ ሬሳ አቀዝቅዢ ስትላት ኖራለች። «አፈር በበላሁ!» አለች።

ሳህኑን፣ የመልእክቱን ጠብታ፣ የማይክሮስኮፑን መቀመጫ ሳይቀር በሰው ገላ ልክ አሞቀች፤ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ። ጠብታውን ጨመረችና ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አረንጓዴው ተነቃነቀ፣ ቀዩም ካለበት ተነሳ። መሪ ሳይኖራቸው ወደ ጠርዙ ጎረፉ። እዚህ አንድ ቢጫ ነጥብ፣ እዚያ ሌላ፤ ወዲያው የሕዋሱ ዙሪያ በሙሉ በራ። «አቤት ሥራህ!» አለች። እጇን አየችው። ይኸው ነገር አሁን በዚህች ጣቴ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እየሆነ ነው፤ ባለቤቷ እኔ ግን ወሬውም አልደረሰኝ! እየሳቀች ልጅቷን ጠራቻት። ዶክተሩም ሰምቶ መጣ፤ አየና ወደ ልጅቷ ዞሮ «በመጨረሻ እጅሽ ተቃናልሽ!» አላት።

ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ማን ያውቅባታል?

«የሷ እጅ ምንም አልነበረበትም» አለች እትዬ በረዶ። «አቀዝቅዢ ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ዓመት። እንዲያው ይጻፍ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶ አወጣ። ልጅቷ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ታያለች። ቀና ብላ ወንበሩን ለእትዬ ለቀቀችላት።

«ወደ መሃል እየገቡ ነው፣ እትዬ» አለች። «እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔን ዕንባዬ ጋረደኝ።»